ከመንገድ ስም አትጀምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽ የራሴን ነገር አስታወሰኝ። አያትሽ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ተወልደው አደጉ። አንቺ ደግሞ አምና ከሜሪላንድ መጥተሽ የቤታቸውን ቦታ ብትፈልጊ ሰፊ መንገድና ሣር ብቻ ጠበቀሽ። የድሮ ካርታ ላይም የመንገዱን ስም አጣሁት፣ ከየት ልጀምር ብለሻል። የእናቴ አያት ቤትም እዚያው ነበር። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ አብሮ ሄደ። ቦታውን ለማግኘት ስምንት ወር ፈጀብኝ፤ ግማሹ በራሴ ስህተት የባከነ ነው።

የመጀመሪያው ስህተቴ እንዳንቺው የመንገድ ስም መፈለጌ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ማን በመንገድ ስም ኖሮ ያውቃል? ዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ስም አላቸው፣ ግን ማን ይጠራቸዋል። የውስጥ ለውስጡማ ስምም የለው። አድራሻው "ከጠጅ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ከቦኖው በላይ" ነው። ስለዚህ የማይነቃነቀውን ያዢ፦ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ወንዙን፣ ዳገቱን። ጊዮርጊስ እዚያው ነው። ራስ መኮንን ድልድይ ሥር የሚያልፈው ወንዝም የትም አልሄደም።

ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ የሚያወሩትን እንደ ወሬ ብቻ አትስሚው፣ ዘመን አለበት። ቅድመ አያቴ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። "የገበያው ሁካታ ደጃፌ ድረስ ይሰማኝ ነበር" ትል ነበር ይባላል። እኛ ደግሞ መርካቶ የት፣ ዶሮ ማነቂያ የት እያልን እንስቅ ነበር። ለካ የምትለው መርካቶን አይደለም! ከጣልያን በፊት ትልቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ወደ ምዕራብ ገፍቶ መርካቶ ያደረገው በ1928 የገባው ጣልያን ነው። በዚች አንድ ዓረፍተ ነገር ቅድመ አያቴ ከወረራው በፊት እዚያ ትኖር እንደነበር አወቅን። አንቺም አያትሽ "ገበያ" ሲሉ የቱ ገበያ እንደሆነ ጠይቂ። "ቄራ" ካሉም እንደዚሁ፣ አሮጌ ቄራ የሚባል አለ።

የቤተሰቡ መነሻ ከክፍለ ሀገር ከሆነ ማንን ተከትለው እንደመጡም ጠይቂ። ብዙው ሰፈር የተቆረቆረው ምኒልክ ለመኳንንቱ በሰጡት ቦታ ዙሪያ፣ ተከታዩ ሁሉ እየሰፈረ ነው። የጌታው ስም የሰፈሩ ስም ሆኖ ይቀራል።

ፎቶ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ኢንተርኔት ላይ "1935" የተጻፈበት የአራዳ ፎቶ አገኘሁና ከነጻነት በኋላ ነው ብዬ ስንት ነገር ደመደምኩ። ቁጥሩ የፈረንጅ ነበር። በእኛ 1927 ወይም 1928 መጀመሪያ፣ ማለትም ጣልያን ከተማዋን ሳይዝ የተነሳ። ሰባት ስምንት ዓመት ትንሽ ትመስላለች፣ መሀሉ ላይ ጦርነት ሲኖር ግን ሌላ ከተማ ናት።

ወረቀትን በተመለከተ ቢሮ ለቢሮ ከመዞርሽ በፊት የዘመድ ሻንጣ አስፈትሺ። እኔ አንዱ ቢሮ ፋይሉ ተዛውሯል ይለኛል፣ ሌላው አልደረሰንም ይለኛል፣ እንዲህ ስመላለስ ከረምኩ። የጠቀመኝ የአክስቴ የቀበሌ ሱቅ ኩፖን ነው። ያ የደርግ ዘመን የስኳርና የሳሙና ኩፖን! ከፍተኛው (ያኔ ከቀበሌ በላይ የነበረው አስተዳደር)፣ ቀበሌው፣ የቤት ቁጥሩ ሁሉም አለበት። በሐምሌ 1967 አዋጅ ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ ብዙው ቤት የቀበሌ ስለሆነ ቁጥር አለው። ችግሩ ቁጥሩ በየዘመኑ ይለያያል። በ1995 ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተማ ስትዋቀር ቀበሌዎች ተዳብለው "03/09" ዓይነት መጠሪያ መጣ፣ ቆይቶ ደግሞ ወረዳ ሆነ። ስለዚህ ቁጥር ስታገኚ ዓመቱንም አብረሽ ጻፊ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ወመዘክርም (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ይጠቅማሉ፣ ግን ለሰፈሩ እንጂ ለአንድ ጎጆ ብዙ አትጠብቂ።

ትልቁ ሀብት የዕድር መዝገብ ነው። ሰፈሩ ቢፈርስም ዕድሩ ብዙ ጊዜ አይፈርስም፤ ሰው ኮንዶሚኒየም ገብቶም ወርኃዊውን ይከፍላል። የእኛን ዕድር ጸሐፊ በስንት ልመና አገኘኋቸው። ጥግ ጥጉ የተበላ፣ በፕላስተር የተጠገነ ደብተር አወጡ። ስሞቹ በፊደል ተራ አይደሉም። ለምን ብላቸው፣ "ጡሩምባ ነፊው በሚዞርበት ነዋ!" አሉኝ። ማለት ስሞቹ የተደረደሩት ቤቶቹ በተደረደሩበት ነው። ከቅድመ አያቴ ልጅ በላይ ማን፣ በታች ማን እንደነበረ ቁልጭ ብሎ አለ። ከዚህ የተሻለ ካርታ የትም አላገኘሁም።

ከዚያ ጉግል ኧርዝን ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩ። የቀድሞ ዓመታትን ምስል ወደ ኋላ እየጎተትሽ የምታዪበት አለው፤ ከመፍረሱ በፊት ያለው ቆርቆሮ ሁሉ ይታያል። ለአክስቴ አሳየኋት። ዕድሜዋ ሰማንያን አልፏል፣ አልጋ ላይ ናት። ዝም ብላ አየችና "እኔ ከላይ ሆኜ አይቼው አላውቅማ" አለችኝ። እውነቷን ነው። በእግርሽ ንገሪኝ አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ከበሩ ወጣች። "ወደ ግራ። ቦይ አለ፣ እሱን እዘላለሁ። ከዚያ ቦኖው ጋ ቁልቁል ነው፤ ስመለስ ባልዲው እጄን ይቆርጠኛል።" እኔ ቤቱን ከቦኖው በታች ስፈልግ ነበር የከረምኩት። ባልዲዋ ባትኖር አሁንም እዚያው ነበርኩ።

ነጥቡን ምልክት አድርጌ ሄድኩ። አሁን የእግረኛ መንገድ ነው፣ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ቁጭ ብዬ ደወልኩላት። "ቦኖው አለ?" አለች። የለም አልኳት። "ታዲያ እዚያ መሆንህን በምን አወቅህ?"

አንቺ መጀመሪያ አያትሽን በስልክ በእግራቸው አስኪጃቸው፣ ድምፃቸውንም ቅጂ። ኩፖን ወይም የድሮ የውሃ ቢል ከተገኘ ደግሞ ከፍተኛውንና ቀበሌውን እዚህ ጻፊልን፤ የቤት ቁጥሩን ለራስሽ ያዢው። የዚያ ሰፈር ልጅ አይጠፋም።