መልስ፦ በጂኦፎን ላይ ስለሚገባ የ50 ኸርዝ ጫጫታና ንፋስ
በጂኦፎን (የመሬትን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል በሚለውጠው መሣሪያ) ቅጂህ ላይ የኤሌክትሪክ መስመር የ50 ኸርዝ ጫጫታና ንፋስ ገብቶብህ የ50 ኸርዝ ማጣሪያ ልጨምር ወይ ላልከው፣ መጀመሪያ አትጨምር። ማጣሪያው በዚያው ድግግሞሽ ከምድር ውስጥ ተንጸባርቆ የሚመጣውን ጠቃሚ ንዝረትም ይወስዳል። ምንጩን ፈልግ፦ ገመዱ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ጎን ለጎን አይሂድ፤ ማቋረጥ ካለበት በ90 ዲግሪ ያቋርጥ። ከዚያ ማገናኛዎቹን ክፈትና እርጥበት ወይም ጭቃ እንዳለ እይ። ከገመዱ ሁለት ሽቦዎች አንዱ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ካፈሰሰ የሁለቱ ሚዛን ይፋለሳል፤ ማጉያውም በሁለቱም ላይ እኩል የሚመጣውን ጫጫታ መሰረዝ ያቅተዋል።

ለንፋሱ፣ ሣሩን አንስተህ 20 ሳንቲሜትር ያህል ቆፍር፤ ጂኦፎኑን ቀጥ አድርገህ ትከልና አፈር መልስበት። መሬት ውስጥ የሚሰካው የጂኦፎኑ ሹል ከላላ ጂኦፎኑ ራሱ ይርገበገባል፤ ያንን ደግሞ የትኛውም ሶፍትዌር በወጉ አያስተካክለውም። ገመዱም አይንጠልጠል፣ መሬት ላይ ይተኛ።

የቀረው የዘፈቀደ ጫጫታ ከሆነ ንዝረት ለመፍጠር መሬቱ ላይ የምታሳርፈውን ምት ደጋግመህ ቅጂዎቹን ደምር። 16 ምት የሲግናልና የጫጫታ ምጥጥኑን 4 እጥፍ ያሻሽላል፤ ለ8 እጥፍ ግን 64 ምት ያስፈልጋል።