መስታወቱ መኪና ላይ አልወጣ ሲል

ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዱ «የአሜሪካው ኮርኒንግ ጃፓን ሄዶ የመስታወት ፋብሪካውን ደንበኛው ግቢ ውስጥ ለምን ተከለ? ጭኖ ማድረስ አይቀለውም ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ይህን ጥያቄ ለዓመታት «የትራንስፖርት ወጪ ነዋ» እያልኩ ሳልፈው ኖሬያለሁ። አሁን ይቆጨኛል፤ መልሱ በሜትር የሚለካ ነበር።

እስቲ እንለካው። ደንበኛው ሻርፕ ኦሳካ አጠገብ ሳካይ ለሠራው የቴሌቪዥን ፓነል (ስክሪን) ፋብሪካ ኮርኒንግ ከ2009 (ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጀምሮ ያቀረበው መስታወት 2.88 በ3.13 ሜትር፣ ውፍረቱ 0.7 ሚሊሜትር ነበር። ክብደቱ 15 ኪሎ ግድም ነው፤ ከአንድ ትንሽ ልጅ አይከብድም። ጣጣው ስፋቱ ነው። ጃፓን ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚሄድ መኪና ወርዱ ከ2.5፣ ከፍታው በአብዛኛው መንገድ ከ3.8 ሜትር ማለፍ የለበትም። መስታወቱን ብታጋድሙት በጎን ይወጣል። ብታቆሙት የመኪናው ወለል አንድ ሜትር፣ መስታወቱ 2.88፤ ሳጥኑ ሳይቆጠር ገደቡ አለፈ። ከዚያ በፊት የነበረው የሻርፕ ሁለተኛ የካሜያማ ፋብሪካ የሚጠቀምበት መስታወት ጠባብ ጎኑ 2.16 ሜትር ስለነበር መኪና ይችለው ነበር። ኮርኒንግ በ2007 መጨረሻ ሳካይ ለመግባት የወሰነው በዚህ ሒሳብ ነው።

አሠራሩም ቀላል አይደለም። የቀለጠው መስታወት ረጅም ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ ሞልቶ በሁለቱም ጎን ይፈስሳል፤ ከገንዳው ሥር ተገናኝቶ አንድ ገበታ ሆኖ ወደ ታች ይሳባል። መሀሉን ከአየር በቀር የሚነካው የለም፤ ስለዚህ መወልወል አይፈልግም። ሮለር የያዘው ጠርዝ ተቆርጦ ይጣላል። ገበታው ሲሰፋ ግን ገንዳውም ይረዝማል። ገንዳው ደግሞ ከ1,200 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ ሁለት ጫፉ ላይ ብቻ ተደግፎ የተቀመጠ ሴራሚክ ነው፤ ከጊዜ ብዛት መሀሉ ይጎብጣል። የጎበጠው ጋ ብዙ ይፈስሳል፤ የመስታወቱ መሀል ይወፍራል፣ ጠርዙ ይሳሳል። (የአረፋው ነገርም አለ። ድሮ አረፋ ለማጥፋት አርሴኒክ ይጨመር ነበር፤ ኮርኒንግ በ2006 ባወጣው መስታወት ያንን አስቀረ። ለእኔ ከፋብሪካው ግንባታ የሚበልጠው ሥራ ይሄ ነው፤ ግን ማንም አይጠይቀኝም።)

እቶኑ ደግሞ ቀንም ሌሊትም አይጠፋም። ከቀዘቀዘ መስታወቱ ቧንቧው ውስጥ ይረጋል፣ ጡቡ ይሰነጠቃል። ኦገስት 11 ቀን 2009 ማለዳ በጃፓኑ ሱሩጋ ባሕረ ሰላጤ ላይ 6.5 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ ኮርኒንግ ቀድሞ ሺዙኦካ የተከለው ፋብሪካ ቆመ፣ እቶኖችም ተጎዱ። ሳካይ ሥራ ሊጀምር የቀረው ሁለት ወር ነበር።

እናንተ የምታመጡልኝ ዕቅድ ስላይዱ ያምራል። የዕቃው ወርድና ክብደት የተጻፈበት ግን እስካሁን አላየሁም፤ «ገበያው ትልቅ ነው» የሚለው ግን ከአንዱም አይጠፋም። ሳካይም ገበያው ትልቅ ነበር። ከአንዱ መስታወት 40 ኢንች ገደማ ከሆነ 15፣ 60 ኢንች ገደማ ከሆነ ደግሞ 6 ፓነል ይወጣ ነበር። የቴሌቪዥን ዋጋ ሲወርድ ሻርፕ ምርቱን ቀነሰ፤ በ2012 የታይዋኑ ሆን ሃይ ኩባንያ ሊቀመንበር ቴሪ ጉ ከፋብሪካው ድርሻ ገዛ፤ በኦገስት 2024 የፓነል ምርቱ ቆመ። በዚያ ልክ መስታወት የሚገዛ ሌላ ፋብሪካ አልነበረም። ደንበኛው ግቢ የተተከለ እቶን ተነቅሎ ሌላ ደንበኛ ፍለጋ አይሄድም።

ይህን ብዬ ስህተት ነበር ልላችሁ ስል ግን ቻይና ትዝ አለችኝ። በ2018 ቢኦኢ የተባለው የቻይና ፓነል አምራች ሄፌይ ከተማ በተከለው፣ 2.94 በ3.37 ሜትር መስታወት በሚጠቀም ፋብሪካ በብዛት ማምረት ሲጀምር፣ ኮርኒንግ አሁንም አጠገቡ ተክሎ ተገኘ። ምን ያድርግ? መስታወቱ ሰፋ እንጂ መኪናው አልሰፋ።