ሦስት ወር ለማይኖር ሰው ለምን ኦፕራሲዮን?

አንዲት ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥን ሐኪም) «ዶክተር፣ ካንሰር ይዞት ሦስት ወር ለማይኖር ሰው አከርካሪውን ለምን እንከፍታለን?» አለችኝ። ያኔ በአጭሩ መለስኩላት። ረጅሙ ይኸውና።

አንድ መምህር ነበሩ። ግሊዮብላስቶማ የሚባለው የአንጎል ካንሰር ነበረባቸው። ጭንቅላታቸው ኦፕራሲዮን ተደርጎ ጨረር ወስደዋል። ከወራት በኋላ ጀርባቸውን አመማቸው፣ ወጌሻ ጋ ሄደው ታሹ፣ እግራቸው ሲከዳቸው ወደ እኛ መጡ። የአንጎል ካንሰር ወጥቶ አጥንት መግባቱ እጅግ ብርቅ ነው። ወደ ታች ከወረደም አብዛኛውን ጊዜ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን በከበበው ፈሳሽ በኩል ሄዶ ህብለ ሰረሰሩ ላይ ይለጠፋል፣ ያንን ደግሞ ኦፕራሲዮን ብዙም አይረዳውም። የሳቸው ግን አከርካሪውን በልቶ ህብለ ሰረሰሩን ተጭኖት ነበር። ከኋላ ገብተን የተጫነውን አነሳን፣ አጥንቱን በብሎን አሰርን። ሕመሙ ቀለለላቸው። በዎከር ኮሪደሩን ይመላለሱ ጀመር፣ እኛም ፎቶ ሁሉ ተነሳን።

ታላቅ ወንድማቸው ግን «እንዳትነግሩት፣ ተስፋ ይቆርጣል» ብሎ ለምኖናል። ከፍቶ አይደለም፣ ወዶ ነው። እሳቸውም ድኛለሁ ብለው ፊዚዮቴራፒውን ተያያዙት፤ «በደንብ ስራመድ አገሬ እገባለሁ» ይላሉ። አገራቸው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ነው። እናታቸው እዚያ አሉ። መራመዱን አገኙት፣ አገራቸው ግን ሳይገቡ አለፉ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ያኔ እኮ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በጣት የምንቆጠር ነበርን። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ከኖርዌዩ በርገን ጋር የተጀመረው በ2006 እንደ ፈረንጆቹ ነው። እናንተ የዛሬ ሬዚደንቶች ታድላችኋል። ኤምአርአዩን በስልካችሁ አይታችሁ ትጨርሳላችሁ፣ ብርድ ልብሱን ገልጦ እግሩን የሚያይ ግን እየጠፋ ነው።

ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን የ2005ቱን (እንደ ፈረንጆቹ) ጥናት ታውቁታላችሁ፤ ካንሰር ተሰራጭቶ ህብለ ሰረሰራቸውን የተጫናቸው 101 ሰው። ኦፕራሲዮንና ጨረር ያገኙት አማካዩ ሰው 122 ቀን በእግሩ ሲሄድ፣ ጨረር ብቻ ያገኘው 13። ግን ቢያንስ ሦስት ወር ይኖራሉ የተባሉ ተመርጠው ነው። ግሊዮብላስቶማ ላለበት ሰው ገልብጣችሁ አትለጥፉት። ይህን እያልኩ እኔው ራሴ 122ን ለስንቱ ቤተሰብ ተናግሬያለሁ!

የምንከፍተው በሽተኛው ሕመሙ እንዲቀልለት፣ ሽንት ቤት ራሱ እንዲሄድ ነው። ከማስፈረማችሁ በፊት ግን እነዚህን ወራት የት መሆን እንደሚፈልግ ጠይቁት፣ ራሱን፣ ወንድሙን አይደለም። አገር ቤት ካለ ቁስሉ ሲደርቅ ይሂድ፣ ፊዚዮቴራፒው ይቅርበት። ሁሉም ይነገረው ወይ? ማወቅ የማይፈልግ አለ፣ እሱን ማስገደድ አልወድም።

ስለ ዴክሳሜታዞን (እብጠት ስለሚቀንሰው መድኃኒት) አልጽፍም፣ ታውቁታላችሁ። ሽንቱ እምቢ ያለውን በሽተኛ ግን ለጠዋት ራውንድ (የሐኪሞች ጉብኝት) አታቆዩት። እግሩ ጨርሶ ከከዳው ሁለት ቀን ካለፈ ኦፕራሲዮኑም ብዙ አይመልስለትም።