የሚያጋባንን ካህን ራሳችን መምረጥ እንችላለን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔና እጮኛዬ ለመጋባት ወስነናል። ሁለታችንም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጆች ነን። የእኔ የንስሐ አባት በዕድሜ የገፉ፣ ድምፃቸውም የደከመ አባት ናቸው። እውነቱን ለመናገር የምንገናኘው ለበዓል ብቻ ነው። እጮኛዬ ደግሞ ሌላ የንስሐ አባት አለው። ሁለታችንም የምንወደው፣ ሲያስተምር ሰው የሚያስለቅስ ወጣት ዲያቆን ጓደኛ አለን። ሥርዓቱን እሱ ቢመራልን ደስ ይለናል። ቦታውንም ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ዘመድ ሁሉ የሚይዝ አዳራሽ ብናደርገው ብለን አስበናል። ነውር አለው? ካህኑንስ ምን ብለን እናናግራቸው? ክፍያስ አለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። የሠርግ ልብስና አዳራሽ ቀድሞ ተይዞ ካህኑ መጨረሻ ላይ በሚታሰቡበት ዘመን ይህን አስቀድመሽ መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ጓደኛችሁ ዲያቆን ከሆነ አያጋባችሁም። ችሎታ ስለሚያንሰው አይደለም፤ ሥልጣኑ ስላልተሰጠው ነው። ዲያቆን ይላላካል፣ ያገለግላል፣ ሲፈቀድለት ያስተምራል። ጋብቻን የሚባርከው ግን ቄስ ወይም ጳጳስ ነው። እሱም ራሱ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስትነግሩት «እሺ» ብሎ ከሆነ ደንግጦ ወይም እናንተን ላለማስቀየም ብሎ ይሆናል።

ግን ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥያቄሽን የመለስኩ አይመስለኝም። ጓደኛችሁ ነገ ቅስና ተቀብሎ ቢመጣስ? ያኔ አንደበቱ ስላማረ ብቻ እሱን መምረጥ ትክክል ይሆናል? እኔ አይሆንም ባይ ነኝ። የቆሮንቶስ ሰዎች በዚህ ነው የተያዙት። አጵሎስ ነገር አዋቂ፣ በመጻሕፍትም የበረታ ሰው ነበር። አንዱ «እኔ የጳውሎስ ነኝ» ሲል ሌላው «እኔስ የአጵሎስ ነኝ» ማለት ጀመረ። ቅዱስ ጳውሎስ አጵሎስን አላጣጣለም። «እኔ ተከልሁ አጵሎስም አጠጣ ነገር ግን እግዚአብሔር ያሳድግ ነበር» አለ። የሠርጋችሁም ጸሎት በማን ድምፅ ቢደርስ የሚያጣምራችሁ እግዚአብሔር ነው።

እንዲያውም በእኛ ሥርዓት «የሚያጋባው ሰው» የሚባል አንድ ብቸኛ ሰው የለም። ጋብቻችሁ የሚጸናው በቅዳሴና በቅዱስ ቁርባን ነው። ቅዳሴ ደግሞ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። ስለዚህ የንስሐ አባትሽ ድምፅ መድከሙ አያስጨንቅሽ። ከጎናቸው የሚያነሣላቸው አለ። እሳቸው እጃቸውን ጭነው ቢባርኩሽ፣ ረጅሙን ንባብ ሌላው ካህን ቢያነቡት ምንም አይጎድልም።

አንዳንድ ሰው ደግሞ «የእኚህ ካህን ኑሮ አልተመቸኝም፤ በረከታቸው ይደርሰኛል ወይ?» ይላል። ይህ የድሮ ክርክር ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ዶናታውያን የሚባሉት በስደት ጊዜ የደከመ ካህን የሚፈጽመው ምሥጢር አይረባም ብለው ቤተ ክርስቲያንን ከፈሉ። ቤተ ክርስቲያን አልተቀበለቻቸውም። ምሥጢሩን የሚፈጽመው መንፈስ ቅዱስ ነው፤ የካህኑ ድካም በራሱ በካህኑ ይጠየቃል።

ታዲያ ምርጫ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው? አለ። ጥያቄው ግን «ማን ያምራል?» ሳይሆን «ማን ያውቀናል? ማንስ ከሠርጉ በኋላ ይጠየቅልናል?» ነው። ቅዱስ አግናጥዮስ ዘአንጾኪያ በ2ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ወደ ሮም ለሞት ሲወሰድ ለሰምርኔሱ ጳጳስ ለፖሊካርፐስ በላከው መልእክት፣ የሚጋቡ ወንዶችና ሴቶች በኤጲስ ቆጶሱ ፈቃድ ቢጋቡ ተገቢ ነው ይላል፤ ጋብቻው እንደ ጌታ ፈቃድ እንጂ እንደ ምኞት እንዳይሆን። ተመልከቺ፣ በዚያ ዘመን የተፈለገው አሳማሪ ሰው አልነበረም። የመንጋው ጠባቂ ማን ማንን እንደሚያገባ ይወቅ ነው የተባለው። የእኛም ፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጽ ስለ ጋብቻ ሲናገር ያለ ካህናት መገኘትና ያለ ጸሎት ጋብቻ አይጸናም ይላል።

የሚያውቅሽ አባት በሥርዓቱ የንስሐ አባትሽ ናቸው። ችግራችሁ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ለበዓል ብቻ የምትገናኙ ከሆነ አያውቁሽም፤ አንቺም አታውቂያቸውም። ይህ እሳቸውን የመተው ምክንያት አይሆንም። አሁኑኑ ሄዶ መቀመጥ ነው። ሽማግሌ ካህን ሠርግ ላይ ፎቶ ላያደምቁ ይችላሉ፤ ነገር ግን ስንት ባልና ሚስት አስታርቀዋል። በትዳራችሁ ሁለተኛ ዓመት ላይ በእኩለ ሌሊት የምትደውሉት ለማን እንደሆነ አስቡ።

ሁለት የንስሐ አባት መኖሩ ግን መልክ መያዝ አለበት። ባልና ሚስት አንድ የንስሐ አባት ቢኖራቸው ይሻላል፤ ሁለት ምክር ወደ አንድ ቤት ሲገባ ይጋጫል። ስለዚህ ሁለታችሁም ሁለቱን አባቶች ሄዳችሁ ተሳለሙ፣ ተነጋገሩ፣ ከዚያ ወደ አንዱ ሁኑ። የምትለዩአቸውን አባት ደብቃችሁ ሳይሆን አስፈቅዳችሁ፣ ተመርቃችሁ ተለዩ። ይህን ግን ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው አታድርጉት።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብሽ። አንዱ አባት «ቆዩ፣ ይህ ነገር ይስተካከል» ሲሉ «እሺ» የሚል ሌላ ካህን ፍለጋ መዞር አለ። ብዙ ሰው ያደርገዋል። አታድርጉት። የከለከሉበትን ምክንያት ጠይቁ። ምክንያቱ ካልገባችሁ ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ አብራችሁ ሂዱ፤ ይህ መብታችሁ ነው። ምንም ሳይጠይቃችሁ በስልክ ቀን የሚቆርጥላችሁ ካህን ካገኛችሁ ደስ አይበላችሁ። እኔ ብሆን እሸሻለሁ።

«ምን ብለን እናናግራቸው?» ላልሽው፣ ከመናገር በፊት ለመጠየቅ ተዘጋጁ። ሁለታችሁም ተጠምቃችኋል? ከመካከላችሁ ቀድሞ ያገባ አለ? ጋብቻውስ እንዴት ፈረሰ? በሥጋ እስከ ሰባት ትውልድ አትገናኙም? በክርስትና ልጅነትስ? አበልጅነት እንደ ሥጋ ዝምድና እንደሚቆጠር ብዙ ወጣት አያውቅም፤ ቤተሰብን ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ሁለታችሁም በፈቃዳችሁ ነው ወይ ብለው ይጠይቋችኋል። ይህን ለየብቻችሁ ቢጠይቋችሁ አትቀየሙ። እጮኛዋ ፊት «አዎ» ብላ ብቻዋን ስትሆን የምታለቅስ ልጅ አለች።

ከዚያ የሚያሳፍረው ጥያቄ ይመጣል። ተክሊል፣ ማለትም ሙሽሮቹ አክሊል የሚደፉበት ሥርዓት፣ ለደናግል ነው። ሌላው በንስሐ ተዘጋጅቶ በቅዱስ ቁርባን ይጋባል። ሰው እዚህ ላይ ይዋሻል፤ ዘመድ «ለምን ተክሊል አልሆነም?» እንዳይል። እባካችሁ አትዋሹ። ለዘመድ ተብሎ በእግዚአብሔር ፊት አክሊል አይደፋም። ለንስሐ አባት በኑዛዜ የተነገረ ነገር ከእሳቸው አይወጣም፤ ለዘመድም ማስረዳት የለባችሁም። በቁርባን የሚጸና ጋብቻ ሁለተኛ ደረጃ አይደለም። ሥጋ ወደሙን የተቀበለ ሰው ምን ቀረበት?

አዳራሹን በተመለከተ፣ የጋብቻው ሥርዓት ከቅዳሴ ጋር ነውና ቦታው ቤተ ክርስቲያን ነው። ካህናት ወደ አዳራሹ መጥተው ማዕዱን ቢባርኩ፣ ቢመርቁ መልካም። ያ ግን ጋብቻውን አይተካም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት አዳራሽ ብትሉ ሁሉም ይደርሳል። ቀኑንም ከካህኑ ጋር ሳትነጋገሩ ለአዳራሽ ቀብድ አትክፈሉ። በዐቢይ ጾም ተክሊል የለም፤ ይህን ረስተው ገንዘባቸው የተያዘባቸው አሉ።

ስለ ዕለቱ ጥቂት ልበል። ቁርባን ስለምትቀበሉ 18 ሰዓት ትጾማላችሁ፤ የዋዜማውን ግብዣ በዚያ ልክ አስቡት። ከንፈርሽ ላይ ቀለም አይኑር። ሚዜዎች ይህን ሁሉ ቀድመው ይወቁ፤ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ፀጉር ቤት የቆየች ሙሽራ ቅዳሴ አይጠብቃትም። ቪዲዮ አንሺውን ደግሞ ከሠርጉ በፊት ካህኑ ዘንድ ውሰዱት። የት ይቆማል፣ የት አይገባም፣ መብራቱን መቼ ያጠፋል፤ ከራሳቸው አፍ ይስማ። «አባ፣ አንዴ ይድገሙልን፣ አልተቀረጸም» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወንድሜ፣ ጸሎት ነው እኮ!

ክፍያን ጠይቀሻል። ጌታችን «በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ» ብሏል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ግን ለሠራተኛ ምግቡ ይገባዋል ይላል። ሁለቱም ይያዙ። በረከቱ ዋጋ የለውም፣ ድርድርም አያውቅም። አጥቢያው ለአገልግሎቱ የሚያስከፍለው ካለ ለቢሮው ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ካህኑን ከሩቅ የምታስመጧቸው ከሆነ መጓጓዣቸውን ቻሉ፤ ለመመለሻም አስቡ። ከዚያ በላይ የምትሰጡት በፍቅር ይሁን፣ ከሥርዓቱ በኋላም ይሁን።

ዲያቆን ጓደኛችሁን አትርሱት። ከሦስቱ ዲያቆናት አንዱ ሆኖ ቢቀድስ፣ ካህኑ ከፈቀዱ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ትምህርት ቢሰጥ ለእሱም ለእናንተም ክብር ነው። ፈቃዱን ግን እናንተ ጠይቁለት፤ እሱ ራሱን አያቅርብ። ርዝመቱንም ንገሩት። የተራበ እንግዳ ፊት አንድ ሰዓት ማስተማር የአጵሎስንም አንደበት ይፈትናል።

የመጨረሻው የወረቀት ጉዳይ ነው፤ አንባቢዎቼ በየአገሩ ስላላችሁ በአጭሩ እነካዋለሁ። ሕጉ እንደ አገሩ ይለያያል። በኢትዮጵያ የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት የተፈጸመ ጋብቻን ያውቃል፤ ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸው መሆን አለባቸው፣ መመዝገብም አለበት። ፈረንሳይ ውስጥ ግን መጀመሪያ በመንግሥት ፊት ሳትጋቡ ካህኑ ቢያጋቧችሁ እሳቸው በሕግ ሊጠየቁ ይችላሉ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ ካህኑ ራሳቸው ፈቃዱ ላይ ይፈርማሉ። ያላችሁበትን አገር ሕግ አስቀድማችሁ አጣርታችሁ ለካህኑ ንገሯቸው፤ ሁሉንም አገር ሕግ ማወቅ አይጠበቅባቸውም። ከቤተ ክርስቲያኑ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ስትቀበሉ ደግሞ የክርስትና ስማችሁ ብቻ ሳይሆን የመዝገብ ስማችሁም ተጽፎበት፣ ከመታወቂያችሁ ጋር ፊደል በፊደል ተመሳስሎ፣ ማኅተም አርፎበት እንደሆነ እዚያው ቆማችሁ እዩ።