«እኛ» እና «እኔ» ሲጋጩ፦ ስለ ጥንዶች ቁርኝት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል፤ ደሴ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ደውዬ ካላነሳ አምስት ስድስቴ እደጋግማለሁ፤ እሱ «አፈንሽኝ» ይላል። ትዳራችንን እንደ አንድ አያየውም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እህት ዓለም። ቁርኝት ማለት ከምንወደው ሰው ጋር የምንተሳሰርበት መንገድ ነው። ስጋት የሚያይልበት ቁርኝት ያለው ሰው ዝምታን «ተተውኩ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ መራቅ የሚቀናው ደግሞ ስድስተኛውን ጥሪ «መፈናፈኛ አጣሁ» ብሎ። አንዱ ሲከተል ሌላው ይሸሻል፣ ሲሸሽ መከተሉ ይብሳል። እኛነታችሁን የሚበላው ይህ አዙሪት ነው።

አንድ ሰዓት ቁረጡ፤ ለምሳሌ ማታ 2፡30፣ ለ15 ደቂቃ። ከዚያ ውጭ አንዴ ብቻ ደውዪ። ማንሳት ካልቻለ «ማሽን ላይ ነኝ፣ 3 ሰዓት እደውላለሁ» ብሎ ይጻፍልሽ። ስጋትን የሚያረግበው የመደወያ ሰዓቱ መታወቁ ነው። ነገሩ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው፦ 3 ሰዓት ብሎ 4 ተኩል ከሚደውል ቃል ባይገባ ይሻላል። ፈረቃው ሲቀየር ሰዓቱንም እሑድ ተነጋግራችሁ ቀይሩት። ቅዳሜም የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ገና ሲገባ የሳምንቱን ወቀሳ አትጀምሪ፤ ቢያንስ አቦሉ ይቀዳ። መራቅ የሚቀናው ሰው ከብቸኝነት ወደ ሁለትነት ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ከተጋባን 6 ዓመታችን ነው፤ ሚስቴ ግን ዛሬም «ቤቴ፣ ደመወዜ» ነው የምትለው። ችግሩ ቁርኝቷ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በአንድ ቃል ሰው አይበየንም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አርተር አሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡትን መለኪያ ሞክሩት፦ «ራስ» እና «ሌላው» የተባሉ ሁለት ክቦች በ7 ሥዕል ቀርበዋል፤ በመጀመሪያው ጎን ለጎን ናቸው፣ በመጨረሻው ተደራርበው ሊገጥሙ ጥቂት ቀርቷቸዋል። ወረቀት ላይ ሣሉና ሳትተያዩ ዛሬ ያላችሁበትንና የምትመኙትን ምረጡ። አንተ 7 ተመኝተህ እሷ 3 ካለች፣ ጠባችሁ ስለ ርቀት እንጂ ስለ ደመወዝ አይደለም። 7 ግን የፈተና ውጤት እንዳይመስልህ፤ ጓደኞቹንና የራሱን ሐሳብ ጥሎ 7ን የሚመርጥ አለ፣ ያ አንድነት ሳይሆን ፍርሃት ነው። ደመወዟን በሙሉ አትጠይቃት። ዓላማውን ሁለታችሁ መርጣችሁ አንድ ዕቁብ በጋራ ግቡ፤ የቀረው የእሷ ይሁን። «የኔ» የሚለው ሲከበር «የኛ» ማለት ይቀላል።

ጥያቄ፦ ቁርኝት ከልጅነት የመጣ ከሆነ ይለወጣል?

መልስ፦ ይለወጣል፣ ቀስ ብሎ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኡጋንዳ ውስጥ ያጠናችው እናቶችንና ሕፃናትን ነበር፤ የቁርኝትን ሐሳብ ወደ ፍቅረኞች ያመጡት ተመራማሪዎቹ ሃዛንና ሼቨር ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1987። የልጅነቱ ዝንባሌ ነው እንጂ ዕጣ ፈንታ አይደለም፤ ቃሉን የሚጠብቅ አጋር ለዓመታት አብሮ ሲኖር ስጋቱ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ስልኬን ይፈትሻል፣ ሲናደድም ይመታኛል። ቁርኝቱ ነው ብዬ ልታገሥ?

መልስ፦ አትታገሺ፣ እህቴ። ዱላ የቁርኝት ዓይነት አይደለም፤ ከላይ ያልኩት የሰዓትም የክብም ሥራ ላንቺ አይሆንም። መጀመሪያ የምታምኚው ዘመድ ጋ ሂጂ፣ ለፖሊስም አመልክቺ።