ባዶውን ሣጥን ዜሮ ብዬ አነበብኩት፦ ፍኖተ ሰላም ላይ ጌም ቤት ለሚከፍተው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። ፍኖተ ሰላም ላይ ጌም ቤት ልከፍት ነው ብለሃል። የኮንሶል (የጌም ማጫወቻ ማሽን) ሽያጭ ቁጥር ሰብስበህ በኤክሴል ግራፍ ሠርተሃል። ግራፉ ፒኤስ 4 (የሶኒ ፕሌይስቴሽን 4) አልቆለታል፣ አዲሱ ፒኤስ 5 እየወጣ ነው ስላለህ አራት ፒኤስ 5 ልግዛ ወይ ብለህ ጠየቅክ። ያንኑ ግራፍ እኔም ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብዬ ሠርቼው ነበር። የዕቁብ ብሬን የበላው እሱ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ። ሳትገዛ አንብበው።

1. የፒኤስ 4 መስመር የቆመበትን ቦታ ተመልከት። 117.2 ሚሊዮን ላይ ነው አይደል? ከማርች 2022 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ያሉት ሣጥኖች ባዶ ናቸው። እኔ ያንን ባዶ ዜሮ ብዬ ሞላሁት። የስታስቲክስ ዲግሪ አለኝ። መረጃ የለም ማለትና ዜሮ ነው ማለት እንደሚለያዩ የምናውቀው ገና አንደኛ ዓመት ላይ ነው። ሆኖም መስመሩ ቁልቁል ሲወርድ ሳየው አመንኩት። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሶኒ በ2022 የፒኤስ 4ን ቁጥር በሩብ ዓመት ሪፖርቱ ላይ ማውጣት አቆመ። ሪፖርቱ ቆመ እንጂ ዕቃው ከዓለም አልጠፋም።

ከዚህ የሚብስም አለ። ያ ቁጥር ስለ አዲስ ዕቃ ብቻ ነው የሚያወራው። ዱባይ ወይም አውሮፓ ያለ ሰው ፒኤስ 5 ሲገዛ አሮጌውን ይሸጣል። አሮጌው ዞሮ ዞሮ አዲስ አበባ ይገባል። ከዚያ በሰው ሻንጣ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ይህን የሚቆጥር የኩባንያ ሪፖርት የለም። እኔና አንተ የምንገዛበት ገበያ ግን እሱ ነው። የፒኤስ 5 መስመር ወደ ላይ ሲወጣ ለጎጃም ጌም ቤት ትርጉሙ ያገለገለ ፒኤስ 4 እየበዛ ነው ማለት ነው። እኔ ገልብጬ ነው ያነበብኩት። አንተም እንደዚያው እያደረግክ ነው።

2. ሱቅ የተላከውንና ሰው እጅ የገባውን አትቀላቅል። ሶኒ በየሩብ ዓመቱ የሚያወጣው ወደ ሻጮች የላከውን ነው። በዲሴምበር 2023 ስለ ፒኤስ 5 "50 ሚሊዮን" ብሎ ያስታወቀው ደግሞ ሰው የገዛውን ነው። ሁለቱን በአንድ መስመር ካያያዝክ የሌለ ዝላይ ወይም የሌለ ውድቀት ታያለህ። የኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ሩብ ዓመት ሁልጊዜ ከፍ ይላል፤ የፈረንጅ ገና ስለሆነ ነው። እሱን እንደ አዲስ ዕድገት አትቁጠረው። ኤክስቦክስን ከግራፉ አውጣው። ማይክሮሶፍት የተሸጠውን ብዛት መናገር ካቆመ ከ2015 ጀምሮ ነው፤ የምታየው ሁሉ የሰው ግምት ነው። የኒንቴንዶው ስዊችም ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ነገር ግን ደብረ ማርቆስ ላይ ስዊች ብሎ የጠየቀኝ አንድም ልጅ የለም።

3. አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በእኛ አቆጣጠር ጥር 2016 ላይ ሦስት ፒኤስ 4 ነበሩኝ። ጥሩ ይሠሩ ነበር። በጌም 10 ብር ነው የማስከፍለው፤ ደህና ቀን ላይ 90 ጌም ድረስ እቆጥራለሁ። ያ የ50 ሚሊዮን ዜና ወጥቶ ስለነበር ግራፌን ሠራሁና "ጊዜው ሳያልፍብኝ" ብዬ ሦስቱንም ሸጥኳቸው። በዕቁቡ ላይ ጨምሬ ሁለት ፒኤስ 5 ገዛሁ። አንዱ ዲስክ ማስገቢያ የሌለው ዓይነት ነበር፤ ረከስ ስላለ ወሰድኩት። እሱ ላይ ጌም የሚጫነው በኢንተርኔት ገዝተህ አውርደህ ነው። የሶኒ ስቶር ደግሞ ኢትዮጵያን በአገር ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም። ለማውረድ የሚበቃ ኢንተርኔትስ በዚያ ሰሞን ከየት ይምጣ? ሁለት ወር ሙሉ ጨርቅ ለብሶ ተቀመጠ።

በሚሠራው ላይ ደግሞ በጌም 20 ብር አልኩ። ልጆቹ መጡ፣ አዩ፣ አደነቁ፣ ተመለሱ። እነሱ የፈለጉት ኳስ ነው። ኳሱን ማዶ ያለው ቤት በ10 ብር ያጫውታቸዋል። ሥዕሉ ይበልጥ ጠራ አልጠራ አንድን ተማሪ ሁለት ጌም በአንድ ጌም አያስለውጠውም። የተረፉኝ አራት የፒኤስ 4 ጆይስቲኮችም የፒኤስ 5ን ጌም አያጫውቱም፤ አዲሱ ጆይስቲክ ደግሞ ሲበላሽ ዋጋው አይቀመስም። ገበያው መውደቁን መጀመሪያ የነገሩኝ አከራዬ ናቸው። "ልጄ፣ ጩኸቱ የት ሄደ?" አሉኝ። ለካ ጎሉ ሲገባ የሚሰማውን ጩኸት ለምደውት ነበር።

ፒኤስ 4ዎቹን መልሼ ልግዛ ብዬ ስነሣ ሐምሌ ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የሸጥኳቸው ዕቃዎች እኔ በሸጥኩበት ዋጋ የሚታሰቡ አልሆኑም። ሦስት ሸጬ አንድ ነው መልሼ የገዛሁት። ይህን ስጽፍ አሁንም ይቆጨኛል።

አንተ ግራፉ ላይ "ዋጋው ሲወርድ እጨምራለሁ" የሚል ማስታወሻ አድርገሃል። ያ የድሮ ልማድ ነው። ፒኤስ 4 በ2013 (እ.ኤ.አ.) በ399 ዶላር ወጥቶ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ስሊሙ፣ ቀጭኑ ዓይነት፣ በ299 ተሸጠ። ፒኤስ 5 ግን ወደ ላይ ነው የሄደው። በ2022 አውሮፓና ጃፓን ላይ ተጨመረበት፤ በኦገስት 2025 አሜሪካ ላይም 50 ዶላር ተጨመረ። እሱን በብር ምታው።

ከዚህ በኋላ ነው አገሬን ልቁጠር ያልኩት። አንድ ቢሮ ሄጄ ከተማው ውስጥ ስንት ጌም ቤት ፈቃድ እንዳለው ጠየቅኩ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "አንተ ማን ነህና ነው መረጃ የምትጠይቀው?" አለኝ። ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ፤ አመጣሁ። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤዬ ጠፍቷል አሉኝ። ግብር የምከፍል ሰው ነኝ፤ እንደ ሌባ ነው ያናገሩኝ። ወጥቼ የ32 ሉክ ደብተር ገዛሁ። በእግሬ እየዞርኩ 11 ቤት ቆጠርኩ። በየቤቱ ስንት ቲቪ አለ፣ የትኛው ኮንሶል ነው፣ በጌም ስንት ነው፣ ማታ ስንት ሰዓት ይዘጋል፣ ሁሉን ጻፍኩ። ከ11ዱ ፒኤስ 5 የነበረው የእኔ ብቻ ነው። ይህን በጥር ባውቀው ኖሮ!

ደብተሩን እስከ ዛሬ አላቆምኩም። በየቀኑ ጌም እቆጥራለሁ። ከየትኛውም ሪፖርት ይልቅ እሱን አምናለሁ፤ እኮራበታለሁም። ትልቅ የእንግሊዝ ጨዋታ በቲቪ ሲኖር ቤቴ ባዶ ነው፤ ጨዋታው እንዳለቀ ግን መቆሚያ አይገኝም። ፈተና ሲቃረብ ይቀንሳል፤ ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ይሞላል። የሶኒ ገና እኛ ጋ ሐምሌና ነሐሴ ነው።

4. ፒኤስ 4 መቼ ያልቅለታል ካልከኝ፣ የኮንሶሉን ሽያጭ ተወውና የኳሱን ጌም ተከታተል። ፒኤስ 2 በ2000 ወጥቶ የኳሱ ጌም ፊፋ 14 ድረስ ተሠርቶለታል። ፒኤስ 3 ፊፋ 19 ላይ ቆመ፤ ያኔ ፒኤስ 4 ከወጣ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ፒኤስ 5 በ2020 ወጣ፤ ሆኖም ፊፋ ስሙን ቀይሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ከተባለ በኋላም ኤፍሲ 26 ለፒኤስ 4 ወጥቷል። አዲሱ የኳስ ጌም ለፒኤስ 4 አይወጣም የተባለ ቀን መቁጠር ጀምር። ያኔም ቢሆን ልጆቹ ያለውን ጌም ጥቂት ዓመት ይጫወቱታል።

ስለ መብራት አንድ ነገር ልጨምር። ፒኤስ 5 ሲጫወቱበት 200 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ፒኤስ 4 ስሊም የዚያ ግማሽ ቢሆን ነው። በጄኔሬተር ለሚሠራ ሰው ይህ በነዳጅ ይታሰባል።

በእኔ ይሁንብህ፣ ሦስት ያገለገለ ፒኤስ 4 ግዛ። ዲስክ ማስገቢያውን እዚያው አስገብተህ ሞክር። የቀረውን ብር ለጆይስቲክ አስቀምጥ። ከዚያ በፊት ግን ደብተር ይዘህ ፍኖተ ሰላምን ዙር። የቆጠርከውን እዚሁ ጻፍልኝ፤ የእኔን የ11 ቤት ሠንጠረዥ ፎቶ አንሥቼ ከሥሩ አደርግልሃለሁ።