ላስቲክ ፓራውልቷን ከመንቀላችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ወደ ጋራዤ ስትመጡ የብዙዎቻችሁ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ይሄን ጥቁር ላስቲክ ፓራውልት ነቅለን የድሮውን ክሮም እንግጠምላት?» መኪናዋ ኤምጂቢ ናት፣ የእንግሊዟ ክፍት ስፖርት መኪና፤ ላስቲኩን ያመጣባት የአሜሪካ የደህንነት ሕግ ነው እያላችሁ ስድቡም ለዚያ ሕግ ነው።

እኔም ሜሪላንድ ሥራ ስጀምር አብሬያችሁ እሳደብ ነበር። አንድ ቀን ግን ፊት ለፊት የተጋጨች የ1965 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ኤምጂቢ ጎትተው አመጡልን። የመሪዋ ዘንግ እንዳለ ወደ ኋላ መጥቶ የሾፌሩን ወንበር ነክቷል። ማን እንደነዳት አልጠየቅሁም።

ፕሬዚዳንት ጆንሰን የመኪና ደህንነት ሕጉን የፈረሙት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በ1968 ሞዴል ለአሜሪካ የተሠራችው ኤምጂቢ በግጭት ጊዜ የሚታጠፍ የመሪ ዘንግ፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው የሚይዝ ሁለት የፍሬን መስመርና ትራስ የመሰለ ክሩስኮት (ከሾፌሩ ፊት ያለው ዳሽቦርድ) ይዛ መጣች። ክሩስኮቱ ያስጠላል፤ አልከራከራችሁም። የሌላዋ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና፣ የጃጓር ኢታይፕ፣ የፊት መብራት መሸፈኛ መስታወትም በዚያው ሰሞን ተነሳ፤ እሱ ያሳዝነኛል።

ፓራውልቱ ሌላ ታሪክ ነው። የአሜሪካ የፓራውልት ደንብ የጠየቀው በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ስትገጭ መብራቷና ነዳጅ ማስተላለፊያዋ እንዳይጎዳ ነበር፤ ከፍታውንም ወስኗል። የኤምጂ እናት ኩባንያ ብሪቲሽ ሌይላንድ ግን ኪሱ ባዶ ነበር። ስለዚህ ከ1974 መጨረሻ ጀምሮ ብረቱን በላስቲክ አለበሱት፣ መኪናዋን ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረጓት፣ በኩርባ ላይ እንዳታጋድል የሚይዛትን የፊት ዘንግም ለሁለት ዓመት ያህል አስቀሩት። ዘንጉን አውጡ ያለ ሕግ የለም! ላስቲኩንም ለእንግሊዝ ገዢ ሳይቀር ገጠሙለት፤ ሁለት ዓይነት መሥራት ያስወጣላ።

ሌላው የእንግሊዝ መኪና ሠሪ ትራያምፍ ደግሞ ክፍት መኪና ይከለከላል ብሎ ያልወጣ ሕግ ፈርቶ ቲአር7 የተባለችውን ስፖርት መኪና በ1975 ጣሪያዋን ዘግቶ አወጣት። ክፍት መኪና አልተከለከለም፤ ክፍቷ ግን እስክትመጣ ዓመታት አለፉ።

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ለአንድ ደንበኛ ላስቲኩን ነቅዬ ክሮም ገጥሜ፣ ደረቴን ነፍቼ አስረከብኩ። በሳምንቱ ተመልሶ «አሁንም እንደ ጀልባ ታጋድላለች» አለኝ። ከፍታዋን አልነካሁትም፣ ዘንጉንም አልመለስኩም፤ መልኳን ብቻ ነበር ያየሁት።

እና መጀመሪያ ከፍታዋን ለኩ። ማጋደል የሚይዘው የፊት ዘንግ ከሌላት ግጠሙላት፣ ሞላዋንና ባሌስትራዋን ዝቅ አድርጉና አንድ ወር ንዷት። የመሪውን ዘንግና የፍሬኑን መስመር ግን እንዳትነኩብኝ። ከዚያ በኋላም ላስቲኩ ካስጠላችሁ ኑ፣ ስለ ክሮሙ ዋጋ እንነጋገራለን።